ቀድማ የተለካችው እህት

መርፌ የሚሏት ሴት ቁንጥንጥ ናት። ስትቀመጥ እግሯ አያርፍም፣ ስትቆም ትሽከረከራለች፣ ስትተኛ አንሶላውን ጠቅልላ ወለሉ ላይ ትጥለዋለች። ዕድል ደግሞ ሲያሾፍባት እንጀራዋን ቀጥ ብሎ መቆም ላይ አደረገባት።

መርፌና ታናሽ እህቷ ድንቡሼ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሴቶች ልብስ ይሰፋሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወትና ከጣሪያ እስከ ወለል የተደረደረ ጨርቅ ይዞ ለሰው የተረፈው ቦታ እፍኝ አይሞላም። ደንበኛ ለልኬት እየተመላለሰች እንዳትማረር ሁለቱ እህቶች በገዛ ገላቸው ይሠራሉ። ቀጭን ሴት ያዘዘችው ቀሚስ መርፌ ላይ ይለካል፣ ወፍራም ሴት ያዘዘችው ድንቡሼ ላይ። አንዷ ስትቆም ሌላዋ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትዞራታለች። «እዚህ ቤት ያለው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ መካከለኛ ከሆንሽ አንዳችንን ምሰይና ተመለሽ» እያለች ድንቡሼ ደንበኞቿን ታስቃለች።

ያን ቀን ግን መርፌ አልቆምም አለች።

«እትዬ፣ በፈጠረሽ፣ ለአንዴ ብቻ» አለች ድንቡሼ። የሰማያዊው ቀሚስ ግማሽ አካል እጇ ላይ ተንጠልጥሏል። «የሙሽራዋ እናት ከሰዓት ትመጣለች። ብብቱ ካልተያዘ እጅጌውን በምን ልግጠመው?»

«ብርድ ነው። አላወልቅም።»

«ላብሽ በግንባርሽ እየወረደ ምን ብርድ አለ?»

«በቃ አልኩሽ! ሰው ሁሌ መቆም አለበት? እኔ ግንድ ነኝ?»

ድንቡሼ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ ላይ አንስታ መያዣው ላይ ሰካቻቸው። ሲከፋት ሥራዋን ቀስ አድርጋ ነው የምትሠራው። መርፌ ይህን አየች፤ ግን ካውያውን አንስታ የተተኮሰውን ገበር እንደገና መተኮስ ጀመረች።

ነገሩ ብርድ አልነበረም። መርፌ ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ በኩል፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጠጠር ያለች ነገር ካገኘች ሰንብታለች። አታምም። ቆዳዋም ላይ አትታይም። ያን ዕለት ሳሙና የተቀባ እጇን አንስታ ደግማ ነካቻት፣ ሦስተኛ ጊዜም ነካቻት፣ ከዚያ ውሃውን ዘግታ ሳትለቃለቅ ልብሷን ለበሰች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲህ ጣቷ ሳታዘው ወደዚያው ይሄዳል፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ የዳቦ ወረፋ ላይ፣ ደንበኛ ስታናግር። ጠፍታ ይሆን? አልጠፋችም። ትንሽ ቀንሳ ይሆን? አልቀነሰችም። የድንቡሼ ጣቶች ደግሞ በሁለት እጥፍ ገበር ውስጥ የቀረች ክር ቋጠሮ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያገኙ ናቸው። ክንዷን ካነሳችላት አለቀላት።

እናታቸው የሞተችው በጡት ካንሰር ነው። ድንቡሼ ያኔ ገና ፊደል የምትቆጥር ልጅ ስለነበረች ያሳደገቻት መርፌ ናት፤ ጸጉሯን የሠራችላት፣ ትምህርት ቤት የወሰደቻት፣ ሙያውን ያስያዘቻት እሷ ናት። እናታቸው ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስትስቅ ወንበር የምታንቀጠቅጥ ሴት ነበረች። ድንቡሼ ቁርጥ እሷን ናት። መርፌ ደግሞ በአባቷ ወጣች፤ ረጅምና ደረቅ። ሰው ሲፈራ የማይፈጥረው ሕግ የለም፤ መርፌም በልቧ አንድ ሕግ አወጣች። በሽታው የእናቷ ነው፣ እናቷን የመሰለችው ድንቡሼ ናት፣ ስለዚህ በሽታው ከመጣ የሚመጣው ወደ ድንቡሼ ነው። ይቺ ቁልፍ የምታክል ነገር ታዲያ? ይቺማ ሌላ ነገር ናት። እጢ ናት፣ እብጠት ናት፣ ብቻ ሌላ ነገር ናት።

ሕጓን ያጸናላት ሬዲዮ ነው። አንድ ጠዋት ሁለቱም መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ሳለ አንድ ሐኪም ስለ ጡት ካንሰር ያወራ ጀመር። ሆዳችን ውስጥ፣ አንጀታችን ውስጥ፣ ለቁጥር የሚያታክቱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ አለ። ጉበት አጣርቶ ይውጣ ብሎ የሸኘውን ኤስትሮጅን የተባለ የሴት ሆርሞን አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ፈትተው ወደ ደም እንዲመለስ ያደርጋሉ። ሰው ሲወፍር የባክቴሪያዎቹ ዓይነትና ሚዛን ይለወጣል። ስቡም ራሱ፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ያንኑ ሆርሞን ያመርታል። ሆርሞኑ ሲበዛ ደግሞ አንዳንዱን የጡት ካንሰር ሊያሳድገው ይችላል። መርፌ መኪናዋን አቁማ፣ አፏን ከፍታ ሰማች። ሐኪሙ «ይሁን እንጂ» ሲል ተነስታ ሬዲዮውን ዘጋችው።

«እየሰማሁ እኮ ነው» አለች ድንቡሼ።

«ሰምተሻል። ወፍረሻል ነው የሚልሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንቡሼ አበሳዋን አየች። መርፌ በሄደችበት ሁሉ እርጎ፣ ባቄላና ጥሬ ካሮት ይዛ ትመጣለች። የስኳር ዕቃው ከመደርደሪያው ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ድንቡሼ የሕንፃውን ደረጃ እስከ ላይ ወጥታ እንድትወርድ ታዘዘች፤ የላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ሰዓት ጠጋኝ «እመቤቴ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው ዘወትር የምትፈልጊው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «ወገቤ» አለችው።

«ይህን ብይ» ትላለች መርፌ ካሮቱን እየገፋች።

«ጠግቤያለሁ።»

«ላንቺ ማን አለሽ? ለባክቴሪያዎችሽ ነው።»

«የኔ ባክቴሪያዎች ኬክ ነው የሚወዱት። ጠይቄያቸዋለሁ።»

ድንቡሼ እየቀለደች በላች፣ እየቀለደች ወጣች፣ ወረደች። ግን አንድ ቀን መርፌ የድንቡሼን ቦርሳ ስትበረብር ብስኩት አግኝታ መስኮቱ ጋ ወስዳ ለወፎች ስትበትንባት ቀልዱ አለቀባት። «እትዬ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለች። «ይህን ሰውነት እድሜዬን ሙሉ ተሸክሜዋለሁ። ወፍራም መሆኔን የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አንቺ ብቻ ነበርሽ የማትነግሪኝ።»

መርፌ መስኮቱን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ እንደገና ዘጋችው።

ብዙም ሳይቆይ መርፌ ጭንቅላትና እጅ የሌላት የልብስ አሻንጉሊት ታቅፋ እያለከለከች ደረጃውን ወጣች። ድንቡሼ ከመኪናዋ ቀና ብላ አሻንጉሊቷን ከላይ እስከ ታች ገመገመቻት።

«ይቺ ማን ናት?»

«በኔ ቦታ የምትቆም።»

«አንቺስ? ጡረታ ወጣሽ?»

«የትም ስፌት ቤት ሰው አይቆምም፣ ድንቡሼ። የቀረነው እኛ ብቻ ነን።»

ድንቡሼ ተነስታ አሻንጉሊቷን ደረቷ ላይ በጣቷ ኳ ኳ አደረገቻት። ባዶ ጣውላ ነው የሚጮኸው። «እኔ እጅ ላይ ችግር አለ?» አለች። «ስፒል ወግቶሻል? ወይስ ጣቷ ላብ ነው፣ ልብስ ታበላሻለች ብለሽ ነው? ንገሪኝ፤ ከሌላ ሰው ከምሰማው።»

እዚህ ላይ መርፌ መናገር ነበረባት። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ቃል ብትጀምር ሌላው ተከትሎ ይመጣ ነበር፤ ድንቡሼም ታለቅስ ነበር፣ ከዚያ አብረው ይሄዱ ነበር፣ ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። እሷ ግን «ዳቦውን አስቀምጪውና ሥራሽን ሥሪ» አለቻት። ዳቦው የድንቡሼ ቁርስ ነበር። ሳትበላው ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

አሻንጉሊቷ ቀሚስ ትሸከማለች እንጂ ፍርሃት አትሸከምም። የመርፌ ጡት ላይ ያለችው ቁልፍ እዚያው ነበረች። አሁን ደግሞ እንቅልፍ ነሳቻት፤ ሥራ ላይ ሁለቴ ጨርቅ አበላሸች፤ አንድ እጅጌ ገልብጣ ገጥማ ደንበኛዋ ፊት አፍራ ፈታችው። ሐኪም ጋ መሄድን ስታስብ ሌላ ሥራ ታነሳለች። ሳትሄድ መቅረትን ስታስብ እናቷ በመጨረሻው ሰሞን የከሳችውን መክሳት ታያለች፤ ያ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ገላ አንሶላ ሥር አልታይ ብሎ።

በእነሱ ሙያ ውድ ጨርቅ እንዲሁ አይቆረጥም። ንድፉ መጀመሪያ በርካሽ አቡጀዴ ይሰፋል፣ ይለካል፤ ከተበላሸ አቡጀዴው ይጣላል፣ ካማረ መቀሱ ወደ ሐሩ ይሄዳል። መርፌ አንድ ቀን ቬልቬት ዘርግታ፣ ጠመኔ በእጇ ይዛ ሳለች ያ ሐሳብ መጣባት። መጀመሪያ ድንቡሼ ትታይ። ወፍራሟ ድንቡሼ፣ እናቷን የመሰለችው፣ ባክቴሪያዋ የተበላሸው። እሷ ላይ ምንም ካልተገኘ እኔ ላይ ከየት ይመጣል? ሐሳቡን እንዲህ በቃል ዘርዝራ አላሰበችውም፤ እንዲህ ያለውን ነገር በቃል የሚያስበው ሰው ራሱን ይጸየፋል። ብቻ ጠመኔውን አስቀምጣ «ድንቡሼ፣ ሐኪም ጋ ልወስድሽ ነው» አለች።

«ምን ሆንኩ?»

«ምንም። ጡትሽን ለመታየት። እናታችን በዚያ ነው የሞተችው፤ ወፍረሻል፤ ሬዲዮውን ሰምተሻል።»

«እኔ ሐኪም አልወድም። ጥርሴን አመመኝ ብዬ ብሄድ ክብደት ቀንሺ ነው የሚሉኝ። ጆሮዬ ቢደፈንም ክብደት ቀንሺ። ጡቴን ሳሳያቸውማ ምን ሊሉኝ ነው?»

«እኔ አብሬሽ እገባለሁ። አንድ ክፉ ቃል የተናገረሽን ዓይኑን አወጣዋለሁ።»

ድንቡሼ እህቷን ትኩር ብላ አየቻት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ጉንጯ ጎድጉዷል፣ እጇ አያርፍም። ቀስ በቀስ የሆነ ነገር ገባት፤ የገባት ግን ሌላ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ?» አለች። «እርጎው፣ ደረጃው፣ ብስኩቱ፣ እንቅልፍ ማጣትሽ… እኔ እንደ እናታችን እንዳልሞትብሽ ፈርተሽ ነው?» ከዚያ መጥታ አቀፈቻት። መርፌ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣምራ በመሃላቸው ከለለች፤ ድንቡሼም በተጣመረው ክንድ ላይ አለቀሰች። «እኔ ደግሞ ጠላሽኝ ብዬ ነበር» አለች። መርፌ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር።

የሆስፒታሉ የሴቶች ሕክምና ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መተላለፊያው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ፤ ድንቡሼ ሁለቱን ሞልታ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋለች። መርፌ አልተቀመጠችም። እስከ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ታነባለች፣ ሳትጨርሰው ትታው ትሄዳለች። ካርድ የምትቀበለው ነርስ «ታማሚዋ እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ?» አለች መርፌ፤ ሳትፈልግ ጮኸች። «እሷ ናት እንጂ! እኔን ምን አየሽብኝ?»

ሲጠሩ አብረው ገቡ። ሐኪሟ አጭር፣ ጎልማሳ ሴት ናት፤ መዳፎቿ እንዲሞቁ እያሻሸች ነው የተቀበለቻቸው። ድንቡሼን ስታይ ስለ ክብደት ቃል አልተነፈሰችም። ከቤተሰቡ ማን እንደታመመ፣ እናታቸው በስንት ዓመቷ እንደሞተች፣ ድንቡሼ ወልዳ እንደሆነ ጠየቀች፣ ከዚያ ወደ አልጋው አሳለፈቻት። መጋረጃው ተጋረደ። መርፌ መጋረጃው ጥግ ቆማ የእህቷን እግር ብቻ ታያለች፤ የጠበበ ጫማ ጠባሳውን የተወበት ያ ወፍራም፣ ዘነዘና የመሰለ እግር። በልቧ መጸለይ ጀመረች። ጸሎቱ ለማን እንደሆነ ግን ለራሷም ግልጽ አልነበረም፤ አይገኝባት ስትል ለእህቷም ለራሷም በአንድ አፍ ነበር የምትለምነው።

«በእጄ የሚያሳስብ ነገር አላገኘሁም» አለች ሐኪሟ። «ይልበሱ። እናትዎ በዚህ ስለሞቱ የጡት ራጅም ይነሳሉ፣ ከዛሬ ወዲያም በየጊዜው ይታያሉ። አሁን ግን ደህና ነዎት።»

ድንቡሼ ከአልጋው ላይ «ተመስገን!» ብላ ስትጮኽ ወንበር ሁሉ የተንቀጠቀጠ መሰለ። የእናታቸው ሳቅ ነው። መርፌ በረጅሙ ተነፈሰች። ከስንት ጊዜ በኋላ ትንፋሽ እስከ ሆዷ ወረደላት። በቃ፤ አለቀ። እሷ ላይ ካልተገኘ።

«ዶክተር» አለች ድንቡሼ ቁልፎቿን እየቆለፈች፣ «ይቺ እህቴ ሆዴ ውስጥ ባሉት ትሎች ምክንያት እሞታለሁ ብላ አሳሬን አብልታኛለች። እውነት ነው?»

ሐኪሟ ሳቀች። «ትል ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኞቹም ይጠቅሙናል። ውፍረት የጡት ካንሰርን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ እናውቃለን። የአንጀት ባክቴሪያዎችም በሆርሞኑ በኩል እጃቸው ሊኖርበት እንደሚችል ይጠረጠራል፤ የቱ ባክቴሪያ፣ በምን ያህል የሚለው ገና እየተጠና ነው። አትክልቱ፣ ጥራጥሬው፣ እንቅስቃሴው ጥሩ ነው፤ ይቀጥሉበት። ግን እርጎ ጠጥታ ከዚህ በሽታ አመለጠች የምላት ሴት የለችኝም።»

«ሰማሽ እትዬ? ካሮቱን ራስሽ ትበያለሽ።» ድንቡሼ ወደ ሐኪሟ ዞረች። «እሷንም እይልኝ፣ ዶክተር። ለኔ ስታስብ ራሷን ረስታለች፤ እናቴ እኮ የሷም እናት ናት።»

«እኔ ቀጭን ነኝ» አለች መርፌ ቶሎ ብላ።

«ዕድሉ ከፍ አለ ማለት ተፈረደበት ማለት አይደለም» አለች ሐኪሟ፤ አሁን ሳቋ የለም፤ መርፌን ነው የምታየው። «ዝቅ አለ ማለትም ነጻ ነዎት ማለት አይደለም። እዚህ አልጋ ላይ ከእርስዎ የቀጠኑ ብዙ ሴቶች ተኝተዋል። መልክ ከአባት ቢመጣም ከእናት የሚወረሰው ይወረሳል። የእህትዎ ደህና መሆን ስለ እርስዎ የሚነግረኝ ነገር የለም። ይቀመጡና ልይዎት።»

«ካውያ ሳልነቅል ነው የመጣሁት» አለች መርፌ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መተላለፊያውን በሩጫ አለፈችው ማለት ይቻላል። ደረጃው ግማሽ ላይ ስትደርስ የብረት መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ከኋላዋ የእህቷ ከባድ እርምጃ ተከተላት። ድንቡሼ ለካ በዚያ ሁሉ የጠዋት ደረጃ ጥሩ ሯጭ ሆናለች፤ አላለከለከችም እንኳ።

«ካውያውን እኔ ነቅዬዋለሁ» አለች።

«ደህና አድርገሻል። ነይ እንሂድ።»

«እትዬ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።» ትከሻዋን ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ መርፌ ግራ ክንዷን ከጎኗ ጋር አጣብቃ ሸሸች። ድንቡሼ እጇን አየር ላይ እንዳለ ተወችው። እህቷን ዕድሜ ልኳን ስትለካት ኖራለች፤ የትኛው ትከሻዋ ዝቅ እንደሚል፣ የትኛው ጎኗ እንደሚኮረኩራት ታውቃለች። ይህ መሸሽ የመርፌ መሸሽ አልነበረም። ብርድ ነው ያለችበት ቀን፣ አሻንጉሊቷ፣ በእቅፏ መሃል ያጣመረችው ክንድ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣላት።

«ክንድሽን አንሺ» አለች፤ ስፌት ቤት በምትልበት ድምፅ።

መርፌም በልማድ አነሳች። አንስታ ከጨረሰች በኋላ ነው ያደረገችውን ያወቀችው። የድንቡሼ ጣቶች በቀሚሱ ላይ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ቆሙ። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ በአጠገባቸው አልፋ ወረደች። ሁለቱም መንገድ ለቀቁላት።

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

መርፌ ክንዷን መልሳ አወረደች።

«እትዬ፣ መቼ? ከእርጎው በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

ድንቡሼ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መርፌም መናገር ጀመረች፤ አንዴ ከጀመረች ደግሞ የሚያስቆማት አልነበረም። ሳሙናውን፣ የእናታቸውን አንሶላ፣ «ይሁን እንጂ» ሲል የዘጋችውን ሬዲዮ ተናገረች። «አንቺ ቀድመሽ እንድትታዪ ፈለግኩ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ላይ ከሌለ እኔም የለብኝም ብዬ። እንደ አቡጀዴ…» አልጨረሰችውም።

«እኔን ሞከርሽብኝ» አለች ድንቡሼ።

«ድንቡሼ…»

«እዚያ አልጋ ላይ እርቃኔን ተኝቼ ስንቀጠቀጥ፣ እህቴ ስለኔ ፈርታ መጋረጃው ጋ ቆማለች እያልኩ ነበር የምጽናናው።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «ያንን ሁሉ ዳቦ ከአፌ ስትነጥቂ እኔ እናቴን መልሼ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ራስሽን እያዳንሽ ነው!»

ተነሳች። ቀሚሷን ከኋላ አራገፈች። መርፌ ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ የምትወርድ መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። መሄዷ ተገቢ ነው። እሷ ብትሆንም ትሄድ ነበር። የእርምጃው ድምፅ ግን ወደ ላይ ነው የሄደው፤ ከባድ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ከዚያ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። «ዶክተር! አንቺ ዶክተር! እንዳትወጪ!» የሚል ድምፅ መተላለፊያውን ሞላው።

መርፌ ደረጃዎቹን መልሳ ወጣች። ማን እንዳስወጣት አታውቅም፤ እግሯ ወደ ታች እምቢ ስላለ ብቻ ነው።

ቁልፎቿን መፍታት ጀምራ አንዱን መልሳ ቆለፈችው። ድንቡሼ ፊቷን አጥቁራ መጥታ ፈታችላት፤ አንድም ጊዜ ዓይኗን አላየችም። ሐኪሟ መዳፏን አሻሽታ ነካካች፣ ብብቷን ነካካች፣ ሌላኛውን ጡት ነካካች፣ ተመልሳ እዚያችው ቦታ ላይ ቆየች።

«አለ» አለች ሐኪሟ። «ምን እንደሆነ በእጅ አይታወቅም። ትንሽ ነው፤ ብብት ውስጥ ያበጠ ነገር አላገኘሁም፤ ይህ ጥሩ ነው። ምድር ቤት ወርደው አሁኑኑ ራጅ ይነሳሉ፣ ከዚያ በቀጭን መርፌ ናሙና እወስዳለሁ። ክፉ ነገር ከሆነም የሚታከም ነገር ነው። ግን ከእንግዲህ አንድ ቀን አይጠብቁ።»

መርፌ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ የቀሚሷን ደረት በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ ማልቀስ ጀመረች። ያላለቀሰችው ሁሉ ነው የመጣው፤ ንፍጧ ሳይቀር ወረደ። «ይቅር በይኝ» አለች። «የኔ እናት፣ ይቅር በይኝ። እኔ ያሳደግኩሽ ነኝ፤ እኔው ነኝ ደግሞ…»

ድንቡሼ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አውጥታ አንድ በአንድ እግሯ ላይ አጠለቀችላት። ከዚያ ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አገጯ ግን እንደ ግድግዳ ነው።

«አሁን አይደለም» አለች። «ተነሺ፣ ራጅ ቤቱ ሳይዘጋ። መጀመሪያ ዳኚልኝ። ከዚያ በደንብ አድርጌ እጣላሻለሁ።»